የሰሊጡ አገዳ ያለበት ገጽ

ከባሌ ጋር አብረን የሠራነው የመጨረሻው ተራ ነገር አልጋ ማንሳት ነው። እኛ ዘንድ አንገሬብ ይሉታል፤ አራት የእንጨት እግር ያለው፣ ላዩ በገመድ የተጠለፈ፣ ከድንበሩ ማዶ ከሱዳን የመጣ አልጋ። መተማ ዮሐንስ ውስጥ ግቢ ያለው ሰው ሁሉ አንገሬብ አለው። በዚህ ሐሩር ማን ቤት ውስጥ ይተኛል? የእኛው ከኒሙ ዛፍ ሥር ነበር የሚውለው። ጥላው በሸሸ ቁጥር አንገሬቡን ይዘን እንከተለዋለን፤ እሱ በራስጌ፣ እኔ በግርጌ። "በይ የኔታ፣ አንሺ" ይለኛል። እናነሳለን፣ ትንሽ እንራመዳለን፣ እናስቀምጣለን። የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላም እንዲሁ አደረግን። የተለየ ነገር አልነበረውም። አስቀምጦ ቀና ሲል ብቻ ወገቡን ያዝ አድርጎ፣ "ይኸ ጥላ ምን ብንበድለው ነው እንዲህ የሚሸሸን?" ብሎ ሳቀ።

የኔታ የሚለኝ መጽሐፍ ስለማነብለት ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የከተማውን ትንንሽ ልጆች ፊደል ሳስተምር ኖሬያለሁ። እሱም ማንበብ አያቅተውም ነበር፤ ጎጃም ልጅ ሳለ ከቄስ ዘንድ ዳዊት ደግሟል። ነገር ግን "ዳዊት በዓይን ነው፣ ልብ ወለድ ግን በጆሮ ካልሆነ አይጥምም" የሚል የራሱ ሕግ ነበረው። ስለዚህ እኔ በአንገሬቡ ጠርዝ ተቀምጬ አነባለሁ፤ እሱ በጀርባው ተንጋሎ ሻሹን ፊቱ ላይ ጣል አድርጎ ይሰማል። አንዳንዴ እንቅልፍ የወሰደው ይመስለኝና ዝም እላለሁ። ወዲያው ከሻሹ ሥር፣ "ምነው? ሰውየው በር ላይ ቆሞ ቀረ እኮ፣ አስገቢው እንጂ" ይላል።

ከመጽሐፍ ሰዎች ጋር ይጣላ ነበር። አንዲት ልጅ ለማይሆን ሰው እሺ ልትል ስትል ብድግ ብሎ ይቀመጥና፣ "ኧረ እምቢ በይ! ኧረ ይችን ልጅ ምከሯት!" ይላል። ለማን እንደሚናገር አላውቅም። የምመክራት እኔ ነኝ መሰለኝ። ጎረቤታችን አጥሩን ተሻግሮ የሚመጣውን ድምፅ ሰምታ "ዛሬ ደግሞ ከማን ጋር ነው የተጣላችሁ?" ብላ ጠይቃን ታውቃለች።

አንድ ደንብ ነበረን። እሱ በሌለበት አንዲት መስመር ወደፊት አላነብም። ለአረም፣ ለአጨዳ፣ ለውቂያ ወደ እርሻው ሲሄድ መጽሐፉም አብሮ ያርፋል። ያቆምንበትን ገጽ የሚያመለክተው እሱ ነው፤ እጁ ላይ የተገኘውን ነገር መሐሉ ያስገባል። የኒም ቅጠል፣ የሻይ ቅጠል ካርቶን ቁራጭ፣ አንድ ጊዜ የቆቅ ላባ። መጻሕፍቶቻችንን ሳገላብጥ የትኛውን በየትኛው ወቅት እንዳነበብን ከነዚህ አውቃለሁ።

የመጨረሻውን መጽሐፍ የላከችልን ጎንደር ያለችው ልጃችን ናት። ታሪኩ ስለ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ራዲያተሩ ፈንድቶ በማያውቀው ቆላ ከተማ ለአንዲት ሌሊት ብሎ ያድራል፤ በዚያው ይቀራል። ያገባል፣ ጎማ መጠገኛ ይከፍታል፣ ይወልዳል። መኪናው ከግቢው ጥግ ሸራ ለብሳ ትቆማለች። ደጋ ላይ እናቱ ትጠብቀዋለች። በየዓመቱ "ከመስቀል በኋላ እሄዳለሁ" ይላል። መስቀል ይመጣል፣ ይሄዳል።

ይኼን መጽሐፍ ስናነብ የእኔ ሰው ከማንም ጋር አልተጣላም። ዝም ብሎ ነበር የሚሰማው። ምክንያቱን አውቀዋለሁ። እሱም ወደዚህ አገር የመጣው ለአንድ አጨዳ ነበር። በየዓመቱ ሰሊጥ ሲደርስ ከደጋው የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች አሉ፤ ሳሉግ እንላቸዋለን። አንድ ወቅት ሠርቶ በሬ ሊገዛና ሊመለስ ከጓደኞቹ ጋር ወረደ። የአባቴን ሰሊጥ ሲያጭዱ ውኃ የማመላልስላቸው እኔ ነበርኩ። ጓደኞቹ ተመለሱ፤ እሱ "ውቂያውን ልይና" አለ። ከውቂያው በኋላ "ማሽላው ይሰብሰብና" አለ። እንዲህ እንዲህ እያለ ቀረ። እናቱን ለማየት የተመለሰው ለተዝካሯ ነው። ስለዚህ ነገር ብዙ አይናገርም ነበር፤ እኔም አልጎረጉረውም።

የመጽሐፉ መጨረሻ ሲቃረብ ተወራረድን። እሱ "ሹፌሩ ይመለሳል" አለ። እኔ "አይመለስም" አልኩ። የተሸነፈ በጋውን ሙሉ ሻይ ሊያፈላ።

"አንተ ተመልሰሃል?" አልኩት።

ሻሹን ከፊቱ ላይ አነሳና ትንሽ አሰበ። "እኔ መኪና የለኝማ" አለኝ።

ጥላውን ተከትለን አንገሬቡን ባዛወርንበት በዚያ ቀን፣ ሹፌሩ መኪናዋን ጠግኖ ጨርሶ፣ ራዲያተሩን ውኃ ሞልቶ፣ ቁልፉን በእጁ ይዞ በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። ምዕራፉ እዚያ ላይ አለቀ። የቀረው አንድ ምዕራፍ ብቻ ነው። ልጀምረው ገጹን ስገልጥ ከደጅ የትራክተር ጥሩምባ ተነፋ፤ ሠራተኞቹ ተሳፍረው ይጠብቁታል። ጠዋት ከማሳው አንድ የሰሊጥ አገዳ ቆርጦ አምጥቶልኝ ነበር። የታችኛው ቅጠሉ ቢጫ ሆኗል፣ ፍሬ የያዙት ቆቦች ገና አረንጓዴ ናቸው። "ደርሷል፣ ነገ ካልገባንበት አይጠብቀንም" አለ። ሰሊጥ እንዲያ ነው። ጊዜው ካለፈ ቆቡ በራሱ ተከፍቶ ፍሬውን መሬት ላይ ይዘረግፈዋል። የዓመት ልፋት ለወፍና ለጉንዳን።

አገዳውን ከአንገሬቡ ላይ አነሳና ጫፉን ወደ ላይ አድርጎ በገጹ መሐል አስገባው። መጽሐፉን ዘጋሁት።

"በሞቴ፣ ብቻሽን እንዳትጨርሺው።"

"ማን ነኝና።"

"በሞቴ ብያለሁ።"

"ሰማሁ፣ ሂድ፤ ትራክተሩ ይጮሃል።"

በሞቴ የምንለው ለሁሉ ነገር ነው። ጉርሻ ስናጎርስም እንላለን፣ ሌላ ብርጭቆ ሻይ ጠጡልን ስንልም እንላለን። ማንም ሰው ቃሉን ቁጭ ብሎ አይመዝነውም። እኔም ያኔ አልመዘንኩትም።

አጨዳው መሐል ላይ ንዳድ ያዘው። ሠራተኞቹ በትራክተሩ ተሳቢ ላይ ሰሊጥ አንጥፈው፣ በላዩ አስተኝተው አመጡት። ስለዚያ ሳምንት መጻፍ እችል እንደሆነ ሞክሬ ነበር፤ ገና ነኝ። የቀረውን ሰሊጥ ሠራተኞቹ አጭደው፣ አቁመው፣ ወቅተው አስረከቡኝ። ከመካከላቸው አንዱ የወሎ ልጅ እያለቀሰ "አባባ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት ብለውን ነበር፣ ቀጥ አድርገን ነው ያቆምነው" አለኝ። እግዜር ይስጣቸው። መጽሐፉ መደርደሪያው ላይ ተቀመጠ። አንገሬቡም ለብቻዬ አይነሳልኝምና ባለበት ቀረ፤ ጥላው ሲሄድ ፀሐይ ላይ ይውላል።

የካቲት ውስጥ አንድ ቀን ጠዋት ባጃጅ በድምፅ ማጉያ እየጮኸ በሰፈራችን አለፈ። በከተማችን ቲያትር ቤት፣ የታወቀ ደራሲ፣ ከአንባቢዎች ጋር ይወያያል። ከዚያ የመጽሐፉን ርእስ ጠራ። እጄ ላይ የነበረውን ሰፌድ አስቀመጥኩ። የእኛ መጽሐፍ ነው።

ጎረቤቴ አጥሩ ላይ ብቅ አለች። ጉምሩኩ አጠገብ ከርከዴና የሱዳን ሽቶ ትሸጣለች፤ የሱዳን ሴቶች የሚከናነቡትን ቶብ ለብሳ ስትሄድ ማዶ ያሉት ሴቶች ራሳቸው የአገራቸው ሰው ትመስላቸዋለች። ባሏ ከሞተ ብዙ ዘመን ነው። ፊደል አልቆጠረችም፤ ምላሷ ግን ለማንም አይመለስም።

"ያ ስትወራረዱበት የሰማሁት መጽሐፍ አይደል የጠራው?" አለችኝ።

"እሱ ነው።"

"ታዲያ ምን ቆመሻል? ልበሽ።"

"ጥቁር ለብሼ ቲያትር ቤት ልሂድ? ዓመቱ እንኳ ሳይደርስ? ሰው ምን ይለኛል?"

"ቲያትር የሚታይ ነው እንጂ የሚሰማ አይደለም። ይኼ ወሬ ነው። ወሬ ደግሞ ለቅሶ ቤትም ይወራል።"

ያሳመነኝ ግን የእሷ ክርክር አይደለም። ቀኑን ሙሉ አንድ ነገር ሳሰላስል ዋልኩ። ብቻሽን እንዳትጨርሺው ነው ያለኝ። ሕዝብ በተሰበሰበበት አዳራሽ፣ ደራሲው ራሱ መጨረሻውን ከነገረኝ ብቻዬን ጨረስኩት አይባልም። ቃሉም አይፈርስ፣ ነገሩም ያልቃል፤ እኔም መደርደሪያውን ሳየው ልቤ አይደነግጥም። እንዲህ ያለውን ብልጠት ተማሪዎቼ ቢያመጡብኝ ጆሯቸውን እይዝ ነበር። መጽሐፉን በፌስታል ጠቅልዬ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ ከጎረቤቴ ጋር ባጃጅ ተሳፈርኩ።

ቲያትር ቤት እንለዋለን እንጂ ቲያትር ካየንበት ዘመን ተቆጥሯል። እኔ ልጃገረድ ሳለሁ የኪነት ቡድን ይጫወትበት ነበር። ከዚያ የቀረው ቀይ መጋረጃው ነው፣ እሱም አሁን ቡናማ ሆኗል። ዛሬ አዳራሹ የስብሰባ ነው። የመሬት ስብሰባ፣ የግብር ስብሰባ፣ የአጎበር ስብሰባ። ከጎንደር መጥቶ መድረኩ ላይ የሚቀመጥ ሰው ሁሉ ባለሥልጣን ነው። ስለዚህ ባጃጁ "ይወያያል" ሲል የሰሙ ገበሬዎችና ነጋዴዎች ሁሉ መጥተው የፊቱን ወንበር ሞልተውት አገኘን። ተማሪዎቹ፣ መጽሐፉን ያነበቡት፣ ኋላ ቆመዋል። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ካሉት ማራገቢያዎች የሚዞረው አንዱ ብቻ ስለሆነ ሰዉ ሁሉ ወደዚያው ተጠግቷል።

ደራሲው አምሳ የሚሆነው፣ ወፍራም፣ ላቡን በመሐረብ የሚጠርግ ሰው ነው። ቦርሳው ጥቁር ነው። ጎረቤቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "ግብር ሰብሳቢ ነው የሚመስል" አለችኝ። መድረኩን የሚመራው የሁለተኛ ደረጃ መምህር ወጣት ነው፤ አስተዋወቀውና ተጨበጨበ። ደራሲው ከመጽሐፉ ጥቂት ገጽ አነበበ። ሹፌሩ ከተማው የገባበትን ቀን ነው ያነበበው። ፊት የተቀመጡት ገበሬዎች በጨዋነት፣ እጃቸውን አጣጥፈው አዳመጡ። እንደ መግቢያ ንግግር ነው የቆጠሩት።

"አሁን ጥያቄ ካላችሁ" አለ መምህሩ።

አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተነሡ። እርሻቸው ከእኛ ማሳ ጋር ይዋሰናል።

"ክቡር ሆይ፣ እንኳን በደኅና መጡ። ያነበቡት ጥሩ ነው። አሁን ወደ ቁም ነገሩ እንግባ፤ የናፍጣው ነገር እንዴት ሊሆን ነው?"

ኋላ ያሉት ተማሪዎች ሳቁ።

"አባቴ፣ እንግዳችን ደራሲ ናቸው" አለ መምህሩ።

"ይሁኑ። ደራሲ ናፍጣ አያሻውም? ከጎንደር በምን መጡ፣ በበቅሎ?"

አሁን አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። ደራሲውም ሳቀ። "እውነትዎን ነው አባቴ፤ እኔም መንገድ ላይ ናፍጣ ስፈልግ ውዬ ነው የደረስኩት" አላቸው።

"በቃ፣ ይኼንኑ ይጻፉልን" ብለው ተቀመጡ። ጥያቄያቸው እንደተመለሰላቸው ሰው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። የሚገርመው ከገበሬዎቹ አንድም ሰው ተነሥቶ አልወጣም። ነገሩ ስብሰባ እንዳልሆነ ከገባቸው በኋላ የበለጠ ተመቻችተው ተቀመጡ።

ከኋላ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። ድምፅ ማጉያው ደረሳት።

"የእኔ ጥያቄ ስለ መጨረሻው ምዕራፍ ነው። ሹፌሩ ቁልፉን ይዞ ቆሞ ነበር። ከዚያ ያደረገውን ነገር ለምን እንዲያደርግ መረጡ?"

ደራሲው ውኃ ጠጣና፣ "ጥሩ። እንግዲህ ሹፌሩ..." አለ።

እኔ የመጣሁት ይኼን ልሰማ ነው። ቀኑን ሙሉ ያሰላሰልኩት ይኼንኑ ነው። ነገር ግን "እንግዲህ ሹፌሩ" ሲል ሻሽ ፊቱ ላይ ጥሎ የሚሰማው ሰው አጠገቤ አለመኖሩ ገና ያኔ የተነገረኝ ያህል ሆነብኝ። ሳላስበው ቆሜያለሁ።

"አይንገሩን!" አልኩ።

በዚያ አዳራሽ ስብሰባ ስቀመጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አንድ ቀን ተነሥቼ ተናግሬ አላውቅም። ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ።

"እባክዎ መጨረሻውን አይንገሩን። እኔ ገና አልጨረስኩትም።"

ሳቅ ሆነ። ከኋላ አንዱ ጎረምሳ "እማማ፣ መጽሐፉ ከወጣ እኮ ቆየ!" አለ። ጎረቤቴ ወደ እሱ ዞራ "አንተ! አፍህን!" አለችው፤ ሳቁ ተቆረጠ።

ደራሲው መሐረቡን አስቀመጠ። "ምን አቆመዎት እናቴ? ሰለቸዎት?"

"አልሰለቸኝም። አብሮኝ የሚያነብ ሰው ነበረኝ። አንድ ምዕራፍ ሲቀረን ሞተብኝ። ብቻሽን እንዳትጨርሺው ብሎኛል።"

ያኔ ጥቁሬን ያላየ ሁሉ አየው። ደራሲው ወንበሩን ወደ ፊት ሳበ። ከዚያ፣ "እዚያ ቦታ ላይ እኔም ስጽፍ ብዙ ቆሜያለሁ" አለ። "ሰውየው ቁልፉን ይዞ ቆሞ፣ እኔ ብዕሬን ይዤ ቆሜ። እሳቸው ምን አሉ? ይመለሳል ነው ወይስ አይመለስም?"

"ይመለሳል ነበር የሚለው።"

"እርስዎስ?"

"አይመለስም።"

"ልክ ነው፣ አይመለስም!" አሉ ባለ ባርኔጣው ሽማግሌ ከመቀመጫቸው ሳይነሡ። "ለአንድ አጨዳ ነው ብዬ የመጣሁት እኔ ራሴ ይኸው አለሁ አይደል? ማን ተመለሰ?"

"እርስዎ ሚስትዎን ፈርተው ነው የቀሩ!" አለ አንድ ነጋዴ። "እናት ያለችው ሰው ይመለሳል እንጂ!"

"አንተ ተመለስክ?"

"እኔ በየዓመቱ እሄዳለሁ!"

"ለፋሲካ በግ ለመብላት መሄድ መመለስ ይባላል?"

አዳራሹ ተነሣ። ከሊቦ የመጣው፣ ከወሎ የመጣው፣ ከጎጃም የመጣው፣ አባቱ የመጣው፣ አያቱ የመጣው፣ ሁሉም ስለ ሹፌሩ የሚለው አለው። መጽሐፉን ያላነበበውም የሚለው አለው። አንዲት ሻይ ሻጭ "ሚስቱስ? ልጆቹስ? ማን ሊያሳድግ ነው የሚመለስ?" ብላ ጮኸች፤ ሴቶቹ ሁሉ አጨበጨቡላት። አንድ ወጣት ሠራተኛ ከበሩ ሥር "እናት አንዲት ናት" አለ። ጩኸቱ ባሰበት። መምህሩ "በሥርዓት! በሥርዓት!" ይላል፤ የሚሰማው የለም። ደራሲው መድረኩ ላይ አገጩን በእጁ ደግፎ፣ ልጆቹ ሲጨፍሩ እንደሚያይ አባት ይስቃል። እኔ ቆሜያለሁ። የእኔ ሰው ይኼን ሳያይ መሞቱ አንገበገበኝ። እሱ ቢኖር ወንበር ላይ ወጥቶ ነበር።

መጨረሻውን ግን ማንም አልተናገረም። ያነበቡት ተማሪዎች እንኳ አፋቸውን ያዙ። ጎረቤቴ ዓይኗን ከላያቸው አላነሣችም ነበር።

ሲያበቃ ሰዎች መጽሐፋቸውን ለማስፈረም ጠረጴዛው ፊት ተሰለፉ። እኔም ተራዬ ሲደርስ ፌስታሉን ፈትቼ ሰጠሁት። ገልብጬው ኖሯል። ደራሲው አገዳው ያለበትን ገጽ ሲከፍት፣ እነዚያ አረንጓዴ የነበሩት ቆቦች መደርደሪያ ላይ ደርቀው አፋቸውን ከፍተዋልና፣ ሰሊጡ ዝርግፍ ብሎ ጠረጴዛው ላይ፣ ከጠረጴዛውም ወደ ወለሉ ፈሰሰ።

"ኧረ ሰሊጥ!" አሉ ሽማግሌው። ባርኔጣቸውን ጥለው በጉልበታቸው ወረዱ።

እዚህ አገር ሰሊጥ መሬት ላይ ወድቆ ተረግጦ አይታለፍም። የተሰለፈው ሁሉ አጎነበሰ። ገበሬው፣ ነጋዴው፣ መምህሩ፣ ያቺ ተማሪ። ደራሲው መጀመሪያ ምን እንደሆነ አልገባውም፤ ከዚያ እሱም ከጠረጴዛው ዞሮ መጥቶ በወፍራም ጣቶቹ አንድ አንድ ፍሬ ይለቅም ጀመር። ሽማግሌው ከወለሉ ቀና ብለው ገላመጡኝ።

"ምነው መምህርት! የታጨደ ሰሊጥ ይገለበጣል? ይኼን እንኳን የእሱ ሚስት የደጋ እንግዳም አይስተው!"

እውነታቸውን ነው። ሰሊጥ ከታጨደ በኋላ ጫፉ ወደ ሰማይ ይቆማል፤ እስኪወቃ ድረስ ማንም አይገለብጠውም። ከሕፃንነቴ ጀምሮ የማውቀው ነገር ነው። እሱም ቀጥ አድርጎ ነበር ያስገባው። ሳቅሁ። ከዚያ ሳምንት ወዲህ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነው፤ እንባዬም አብሮ መጣ፤ ማንም ግን ልብ አላለኝም፣ ሁሉም መሬት መሬት ያያል። የለቀሙትን እያመጡ መዳፌ ላይ አደረጉልኝ። ጭብጥ አይሞላም።

"የማን ማሳ ነው?" አለ ደራሲው ጉልበቱን እያራገፈ።

"የእኛ ነው" አልኩት።

ሊፈርምልኝ ብዕሩን ሲያነሣ ሁለት ስም እንዲጽፍ ለመንኩት። ጻፈ። አገዳውን በቦታው መልሶ፣ ጫፉን ወደ ላይ አድርጎ፣ መጽሐፉን በሁለት እጁ ሰጠኝ። እንዴት እንደሚያዝ ተምሮ ነበር።

ባጃጅ ውስጥ ጎረቤቴ የቶቧን ጫፍ እየቋጠረች ትፈታ ነበር።

"አንች" አለችኝ በመጨረሻ። "ብቻሽን ነው ያለሽ?"

"ምኑን?"

"ብቻሽን እንዳትጨርሺው ነው ያለሽ ወይስ እንዳትጨርሺው?"

"ብቻሽን ነው ያለኝ።"

"ታዲያ እኔ ምንድን ነኝ? የአጥር እንጨት ነኝ?"

ይኼን ሁሉ ወር እሱ የሌለበት ቦታ ሁሉ ብቸኝነት ብቻ ነበር የሚመስለኝ። በአጥሩ ማዶ ሰው እንዳለ ረስቼው አልነበረም፤ ግን አልቆጠርኩትም።

"እሺ፣ ነገ የመጨረሻውን ምዕራፍ ላንብብልሽ" አልኳት።

"ምን በወጣኝ! ለሠርጉ ሳልጠራ ለመልሱ ልምጣልሽ? ከመጀመሪያው ነው እንጂ። ያ ሰው ለምን መኪናው እንደፈነዳች ሳላውቅ ይመለስ አይመለስ ምን ቸገረኝ?"

ባጃጁን የሚነዳው ልጅ ሳቀ። "እማማ፣ መኪናዋ አይደለችም የፈነዳች፣ ራዲያተሯ ነው" አላት።

"አንተ ንዳ" አለችው።

በማግሥቱ ከገበያ ስትመለስ በበሩ ገባች። አንገሬቡ እንደ ልማዱ ፀሐይ ላይ ነበር። ቶቧን ሰብስባ በራስጌው ቆመች፤ እኔ በግርጌው። አንሺ ያላለችኝን እኔ ራሴ "በይ፣ አንሺ" አልኩና ወደ ጥላው ወሰድነው። እሷ ከእሱ ታጥራለችና አንገሬቡ ወደ አንድ በኩል ያዘነብላል፤ ገና አልለመድነውም። ስትሰማ አትተኛም፣ ሻሽም አትጥልም። ቁጭ ብላ ከርከዴዋን እየለቀመች ነው የምትሰማኝ። ከሹፌሩ ጋር መጣላት የጀመረችው ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ ነው፤ የእኔ ሰው ዝም ብሎ ያሳለፈውን ቦታ ሁሉ እሷ ትጮህበታለች። አዳራሹ ውስጥ የሰማችውን ይዛ፣ ካሁኑ "አይመለስም፣ ወንድ ምን መመለስ ያውቃል" ብላለች። ስለዚህ "ይመለሳል" የሚለውን የእሱን ውርርድ እኔ ይዤለታለሁ። የለቀሙልኝ ሰሊጥ በሻይ ብርጭቆ ውስጥ መደርደሪያው ላይ ነው፤ ምን እንደማደርገው አላወቅሁም።

አሁን በየቀኑ ከሰዓት በኋላ፣ አንገሬቡን ወደ ጥላው ካዛወርን በኋላ፣ ለጎረቤቴ አነብላታለሁ። ዛሬ አራተኛውን ምዕራፍ ጀምረናል።